«ጠንከር ያለውን ስጠኝ»

ፋርማሲ ቆሞ የሚውል ሰው ይህን ልመና ከሰላምታ እኩል ይሰማዋል። ጥርሱን፣ ወገቡን ወይም ጉልበቱን ያመመው ሁሉ ማስታገሻዎችን በልቡ ደረጃ አውጥቶላቸው ነው የሚመጣው፦ ፓራሲታሞል የልጅ፣ አይቡፕሮፌን የመካከለኛ፣ ዲክሎፌናክ የባሰበት፣ መርፌ ደግሞ የሁሉም አለቃ። እኔን የሚያስጨንቀኝ የወሳጁ ጨጓራና ኩላሊት ነው።

በቅርቡ አንዲት እናት ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጡ። «ልጄ፣ ያቺን የጉልበቴን ዲክሎፌናክ ስጠኝ።»

«እማማ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ምንም የለኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«የደም ግፊትስ?»

«ውይ፣ እሱማ የዘወትሬ ነው!»

ከቦርሳቸው የወጡት የግፊት መድኃኒቶች ኢናላፕሪልና የሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነበሩ። ቁርጭምጭሚታቸው ከጫማቸው በላይ አብጧል።

ሰውነታችን የሚያመርታቸው ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ኬሚካሎች ሕመምንና እብጠትን ያባብሳሉ። የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቁትም፣ ወደ ኩላሊት ደም የሚያስገባውን ቧንቧ ከፍተው የሚይዙትም እነሱው ናቸው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ምርታቸውን ሲያግዱ ጉልበትን ከኩላሊት አይለዩም። (አስፕሪንም በዚህ መንገድ እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳየው ጆን ቬን በ1982 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።) ኢናላፕሪልና የሚያሸና መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ዲክሎፌናክ ሲጨመር ኩላሊት ደም ሊያጥረው፣ ሥራውንም ሊያቆም ይችላል፤ በተቅማጥ ወይም በትውከት ፈሳሽ ካለቀበት ደግሞ ይብሳል። ጨውና ውኃ ስለሚጠራቀምም እግር ያብጣል፣ ግፊቱ ይወጣል። ለእናታችን ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት የሆነውን የዲክሎፌናክ ቅባት ሰጥቼ፣ የግፊት ክትትል ወደሚያደርጉበት ጤና ጣቢያ ላክኋቸው። ሲወጡ «ቅባት ደግሞ ምን ያሽራል!» ማለታቸው አልቀረም።

ክርክሩ የሚበዛው በመርፌ ላይ ነው። ጨጓራ ያለበት ሰው «ክኒኑ ያቃጥለኛል፣ መርፌው ይሻለኛል» ይላል። ዲክሎፌናክ ግን ጨጓራን በዋናነት የሚጎዳው በደም ተሰራጭቶ ነው፤ ታፋ ላይ ቢወጋም የጨጓራው መከላከያ ይሳሳል። ከምግብ ጋር መውሰድም ማቃጠሉን ቢቀንስ እንጂ ቁስለትን አይከለክልም። ኦሜፕራዞል ጨጓራን ይጠብቃል፣ ለኩላሊት ግን አይተርፍም። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰው ጨጓራው እየደማ ሊሆን ስለሚችል ከእኔ ጋር ሲነጋገር ጊዜ ማጥፋት የለበትም፤ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

የተናቀው ፓራሲታሞል ለጨጓራና ለኩላሊት የዋህ ነው፤ ቂሙ ከጉበት ጋር ነው። ለጤነኛ አዋቂ የቀን ጣሪያው 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራም 8 ክኒን ነው። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ስላለ፣ ለራስ ምታት አንዱን ለጉንፋን ሌላውን የሚውጥ ሰው ሳያውቅ ይደርብበታል። ከልክ በላይ የወሰደ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ደህና መስሎ ሊውል ይችላል፤ ማርከሻው ግን በደንብ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ከተሰጠ ነው።

ትኩሳት ሲሆን ግን ፓራሲታሞልን እመርጣለሁ፤ ትኩሳቱ የዴንጊ በሽታ ሊሆን ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ የዴንጊ ወረርሽኝ ተከስቷል። ዴንጊ ደም የሚያረጉትን ፕላትሌቶች ስለሚቀንስ፣ በዚያ ትኩሳት ላይ አስፕሪን ወይም ዲክሎፌናክ መውሰድ የደም መፍሰስን መጋበዝ ነው።

ትራማዶል የሚባለው ማስታገሻ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ሆድ ያደርቃል፣ ያፈዛል፣ ያስለምዳል፤ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሊጥለው ይችላል፣ ከአንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ጋርም አይስማማም። «ለወገቤ ነው፣ ሁለት ፍሬ ብቻ» ብሎ የሚለምን ደንበኛ ያለ ማዘዣ አልሰጥም ስለው ይቆጣል። ይቆጣ።