የኖታ መጽሐፍ በታብሌት፦ ዋናው ነገር ማውጫው ነው

«ዘ ሪል ቡክ» የተሰኘው የጃዝ ኖታ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቦስተን ከተማ ያለ ባለመብቶቹ ፈቃድ ተባዝቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከቆየ በኋላ በ2004 ሃል ሌናርድ በተባለው አሳታሚ በሕጋዊ መንገድ ታትሟል። ዛሬ እንዲህ ያለውን ወፍራም መጽሐፍ ተሸክሞ መድረክ መውጣት ቀርቶ በታብሌት መያዝ ተለምዷል። ይሁንና ዘፋኙ ያልታሰበ ዜማ ሲጠራ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች ባሉት አንድ ፒዲኤፍ ፋይል ውስጥ ገጽ በገጽ ለመፈለግ ጊዜ የለም።

መፍትሔው መጽሐፉን መቆራረጥ ሳይሆን ማውጫ ማበጀት ነው። እንደ ፎርስኮርና ሞባይልሺትስ ያሉ ፕሮግራሞች የዜማው መነሻና መድረሻ ገጽ ከተነገራቸው፣ ፋይሉን ሳይነኩ እያንዳንዱን ዜማ ራሱን እንደቻለ ኖታ በርዕሱና በደራሲው ስም ፈልገው ያወጣሉ። ማውጫውን በኤክሴል አዘጋጅቶ በሲኤስቪ ፋይል በአንድ ጊዜ ማስገባትም ይቻላል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻው የገጽ ቁጥሩ ነው። ሽፋንና መግቢያው 12 ገጽ ከያዙ፣ በመጽሐፉ ላይ 1 ተብሎ የታተመው ገጽ በፋይሉ 13ኛ ነው። ይህ ልዩነት ካልተደመረ ሁሉም ዜማ ያለቦታው ይከፈታል።

ማውጫው ሲስተካከል ለየዝግጅቱ የዜማዎችን ቅደም ተከተል ማውጣት ቀላል ነው፤ አንዱ ዜማ በብዙ ዝርዝሮች ቢገባም ፋይሉ አይባዛም። ታብሌቱ ቢጠፋ ግን መጽሐፉን መልሶ ማግኘት ይቻል ይሆናል፤ የሳምንታት ድካም የፈሰሰበት ማውጫ የሚቀመጠው በፕሮግራሙ ውስጥ ነውና ከፒዲኤፉ ጋር የፕሮግራሙንም ቅጂ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ይገባል።