በአሜሪካ ምክር ቤት ስላለው የእርሻ ኮሚቴ ሥልጣን

በአሜሪካ አገር ስለ እርሻ የሚታሰብ ሕግ በእንደራሴዎች ምክር ቤት ሙሉ ጉባኤ ፊት ከመቅረቡ አስቀድሞ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1820 ዓ.ም. ወደ ተቋቋመው የእርሻ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው የእርሻውን ሚኒስትር፥ ነጋዴውንም ገበሬውንም ጠርቶ ቃላቸውን ይሰማል፤ አልመጣም ያለውን በመጥሪያ ያስገድዳል፤ የረቂቁንም አንቀጽ ያርማል። ሕጉን የሚያጸድቁት ግን ሁለቱ ምክር ቤቶችና ፕሬዚዳንቱ ናቸው።

ይሁን እንጂ የኮሚቴው ትልቁ ኃይል በዝምታው ነው። ረቂቁን ይዞ ዝም ያለ እንደ ሆነ፥ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በዚያው ይቀራል፤ የዘር ወራት ግን ማንንም አይጠብቅም። ከ435ቱ እንደራሴዎች 218ቱ ቢፈርሙ ረቂቁን ከኮሚቴው እጅ ለማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ እምብዛም አይሳካም። ስለዚህ የገበሬ ማኅበሮች መልክተኞች አስቀድመው ደጅ የሚጠኑት የኮሚቴውን አባሎች ነው።