የበጉ አንጎልና የእረኛው ሕይወት

እንስሳትን ለሰው መድኃኒት መሥሪያ ማዋል ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በበለጸጉት አገሮች ስለሆነ፣ እኛን የማይመለከት የቅንጦት ክርክር መስሎ ሊታየን ይችላል። ለፋሲካና ለዓረፋ በግ በሚታረድበት አገር ስለ አንድ በግ አሟሟት መጠየቅ ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። ይሁን እንጂ ጥያቄው በገዛ አገራችን የረጅም ዘመን ታሪክ ያለው ነው።

በድሬዳዋ ገጠር፣ በዋሂል፣ ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ በእብድ ውሻ ተነከሰ እንበል። የምሳሌው ተነካሽ ልጅ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በበሽታው በተጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ደኅና አድርጎ ማጠብና ክትባቱን ሳይዘገዩ መጀመር ግድ ነው። ያ ክትባት በአገራችን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይሠራ የነበረው ከበግ አንጎል ነው።

የመጀመሪያውን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለሰው የሰጠው ሉዊ ፓስተር ሲሆን፣ ተከታቢው ጆሴፍ ማይስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ጊዜውም እ.ኤ.አ. ጁላይ 1885 ነው። ፓስተርና ረዳቱ ኤሚል ሩ በበሽታው የሞቱ ጥንቸሎችን ኅብለ ሰረሰር እያወጡ በጠርሙስ ውስጥ ያደርቁት ነበር። ማድረቂያው ቀን በበዛ ቁጥር የቫይረሱ ኃይል ይዳከማል። ለፊዚክስ ሰው ይህ ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ ዓይን ሊያየው የማይችለው ነገር ኃይሉ በቀናት ቁጥር ይመጠናል።

እ.ኤ.አ. በ1908 ጣሊያናዊው ክላውዲዮ ፌርሚ በማድረቅ ፈንታ ፊኖል የተባለውን ኬሚካል ተጠቀመ። የእኛም አገር ክትባት በእርሱ ስም የሚጠራው ዓይነት ነበር። ይመረት የነበረው ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሚባለውና ቀድሞ የፓስተር ኢንስቲትዩት በነበረው ተቋም ነው፤ አዲስ አበቤ አካባቢውን ዛሬም «ፓስተር» ይለዋል። አሠራሩ ለመናገር ቀላል፣ ለማሰብ ግን ከባድ ነው። ቫይረሱ በሕይወት ባለ በግ አንጎል ውስጥ በመርፌ ይገባል። በጉ እስኪታመምና እስኪሽመደመድ ድረስ ይጠበቃል፤ ከዚያም ይገደላል፤ አንጎሉ ወጥቶ ይፈጫል፣ በፊኖልም ይታከማል። ይህ አሟሟት ከበዓል ዕርድ ጋር አንድ አይደለም። በአንድ ቢላዋ ከሚያልፍ ሕይወትና ሆን ተብሎ ለበሽታ ከተዳረገ ሕይወት መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት ፈላስፋ መሆን አያስፈልግም።

የዚህን ሁሉ ሥቃይ ዋጋ ከሌላው ወገን የልጁ ሕይወት ይመዝነዋል ሲባል ኖሯል፤ ሌላ መንገድ እስካልነበረ ድረስም እኔ በዚህ እስማማለሁ። ችግሩ ሚዛኑ እንደታሰበው አለመሆኑ ነው። ተከታቢው በተከታታይ ለ14 ቀናት ሆዱ ላይ ይወጋል። ለዋሂሉ ልጅ ይህ ማለት በየቀኑ ወደ ሕክምናው ቦታ መመላለስ፣ ያለዚያም አባት ሥራውን ትቶ ልጁን ይዞ ከተማ መክረም ነው። ከዚያም በላይ፣ ያደገ በግ አንጎል ማየሊን በሚባለው የነርቭ ሽፋን የተሞላ ነው። የሰውነታችን መከላከያ ይህን ባዕድ ማየሊን ሲዋጋ፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የራሳቸውን ነርቭ አብሮ ያጠቃል፤ ውጤቱም ሽባነት፣ አንዳንዴም ሞት ነው። በዚህም ላይ የፌርሚው ዓይነት ቫይረሱን ጨርሶ የማይገድል መሆኑ ሌላ ሥጋት ነበር። በጉንም ልጁንም የሚጎዳው ያው አንጎል ነበር ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከእ.ኤ.አ. 1984 ጀምሮ ከነርቭ የሚሠሩ ክትባቶች ቀርተው በሴል ላይ በሚመረቱት እንዲተኩ አጥብቆ ሲመክር ቆይቷል። ኢትዮጵያ ግን እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላም በበግ አንጎል ከሚጠቀሙት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። ምክንያቱ ጭካኔ ሳይሆን ዋጋ ነው። አዲሱ ክትባት በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ በጉ ግን እዚሁ አለ። ተሠሪዎቹን መውቀስ አግባብ አይመስለኝም፤ ያ ክትባት ባይኖር ብዙዎች ያለ አንዳች መከላከያ በቀሩ ነበር። ሆኖም «የሰው ሕይወት ይቀድማል» የሚለው መከራከሪያ የተሻለው መንገድ ከተገኘ በኋላ ትርጉሙ ይለወጣል። ከዚያ ወዲያ በጉ የሚሞተው ለልጁ ሕይወት ሲባል ሳይሆን ለወጪ ቁጠባ ነው።

አዲሱ መንገድ የሚያስደንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በጃፓን ቺባ ዩኒቨርሲቲ ከአንዲት አፍሪካዊት አረንጓዴ ጦጣ ኩላሊት የተወሰዱ ሴሎች፣ ቬሮ በሚል ስም፣ ዛሬም በላቦራቶሪ እየተባዙ ይኖራሉ። አንድ ሴል 30 ጊዜ በእጥፍ ቢበዛ ከ1 ቢሊዮን በላይ ይሆናል፤ መንጋ ሙሉ በግ የሚጠይቀውን ሥራ እነዚህ ሴሎች ይሠሩታል። ነገሩ ከእንስሳት ዕዳ ፈጽሞ ነጻ ነው ማለት ግን አይደለም። ሴሎችን ለማሳደግ የጥጃ ሽል ሴረም ሲያገለግል ኖሯል። ለጽኑ ንክሻ ከክትባቱ ጋር የሚሰጠው የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካልም ከሰው ካልሆነ ከፈረስ ደም ይገኛል። ፈረሱ ግን ደም ይሰጣል እንጂ በእብደት በሽታ እንዲሞት አይደረግም።

በዚህ ሁሉ መካከል የተረሳ አንድ እንስሳ አለ፤ እርሱም ውሻው ነው። በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ሞት 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ሲሆን፣ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶውን መከተብ ሥርጭቱን ሊያቋርጠው እንደሚችል ይታወቃል። በከተሞቻችን ግን የተለመደው መፍትሔ ስትሪክኒን የተነከረ ሥጋ መበተን ነበር። የተመረዘው ውሻ እየተንፈራገጠ ይሞታል፤ ቦታውንም ብዙ ሳይቆይ ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይይዘዋል። በገጠሩ ደግሞ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤት አለው፤ ሌሊት መንጋውን የሚጠብቀው እርሱ ነው። ከታቢው ዋሂል ድረስ ቢሄድ፣ ውሻውን አንገቱን ይዞ የሚያቀርብለት ያው እረኛው ልጅ ነው።