መኪናችንን በቪዲዮ እያየን ስንጠግን፦ የቱን ራሳችን እንሥራ፣ የቱን ለመካኒክ እንተው?



ሲያትል ታክሲ የምንነዳ ሰዎች መኪናችን ጋራዥ ስትገባ ሁለቴ ነው የምንከፍለው፤ አንዴ ለመካኒኩ፣ አንዴ ሥራ ላልወጣንበት ቀን። ስለዚህ ብዙዎቻችን ዩቲዩብ ከፍተን ራሳችን መፍታት ጀምረናል። ጥሩ ነው። ግን የቪዲዮው መኪና የእናንተ መኪና ላይሆን ይችላል። እስቲ ብዙዎቻችን የምንነዳትን ቶዮታ ፕሪየስ እንያት።

መጀመሪያ የሞተር መብራት። ከ1996 ሞዴል ወዲህ አሜሪካ የሚሸጡ የቤት መኪኖች አንድ ዓይነት የኮድ ማንበቢያ መሰኪያ አላቸው፤ ማንበቢያውም ውድ አይደለም። ኮዱ ግን ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም። ፒ0420 ሲወጣ ቪዲዮው "ካታሊቲክ ኮንቨርተር ቀይሩ" ሊል ይችላል፤ ጥፋቱ ግን የጭስ ማውጫው መሽሎክ ወይም ሴንሰር ሊሆን ይችላል። ሳያጣሩ ውድ ዕቃ ማዘዝ፣ ያው የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው።

ራሳችን የምንሠራው ምንድነው? ዘይትና ፊልትሮ መቀየር፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ እንዲሁም በኋላ ወንበር በኩል ያለውን የትልቁ ባትሪ አየር መግቢያ ማጽዳት። ይሄኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ በአቧራ ሲዘጋ ግን ባትሪው ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። የተቃጠለውን ዘይት መንገድ ዳር ፍሳሽ ውስጥ አታፍስሱ፤ የመለዋወጫ መደብሮች ይቀበሏችኋል። መኪና ሥር ስትገቡ ደግሞ በክሪክ ብቻ አትመኑ፤ የብረት መደገፊያ አስገቡ።

ፍሬን ላይ ጥንቃቄ ይጨመር። ከ2004 እስከ 2009 ባለው ፕሪየስ የነጂው በር ሲከፈት ብቻ ፍሬኑ ራሱን አንቅቶ ግፊት ይፈጥራል። ካሊፐሩ ተፈትቶ ሳለ ይህ ከሆነ ፒስተኑ ተገፍቶ ሊወጣ ይችላል። ስለ ኮሮላ የተሠራ ቪዲዮ ይህን አይነግራችሁም። ከኋላችን የሚቀመጠው ተሳፋሪ ደግሞ ፍሬኑን ማን እንደነካው አያውቅም። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ተዉት።

ብርቱካናማ ሽቦ ካያችሁ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ከ200 ቮልት በላይ ነው። ቶዮታ ለባለሙያ እንኳ የባትሪው ሰርቪስ ፕለግ ከተነቀለ በኋላ 10 ደቂቃ ጠብቁ ይላል፤ መኪናው ቢጠፋም ውስጡ ኤሌክትሪክ ስለሚቆይ።

በመጨረሻ ሁለት ነገር ያዙ። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ባለ 17 ፊደልና ቁጥር የሆነውን ቪን በፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አስገቡ፤ ሪኮል ካለ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ነው የሚሠራላችሁ። ሁለተኛ፣ ዘይት ራሳችሁ ስለቀየራችሁ ብቻ ዋስትናችሁ አይሰረዝም፤ የ1975ቱ የዋስትና ሕግ ይጠብቃችኋል። ደረሰኝና የማይል ቁጥር ግን መዝግቡ።