ቦሊቪያ ፕሬዚዳንቷን መረጠች፤ የእኛንስ ማን ነው የሚመርጠው?

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ከማኅበራዊ ሳይንስ ክፍላችን ስድስታችን ይጁቤ ተመድበን ነበር። በስምንተኛ ክፍል የዜግነት ትምህርት ላይ፣ ርእሱ ስለ መንግሥት አካላት ሆኖ ሳለ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አነሣች። «ቲቸር፣ ቦሊቪያ የሚባል አገር ሕዝቡ አዲስ ፕሬዚዳንት መረጠ ሲሉ በሬዲዮ ሰማሁ። እኛ የእኛን መቼ ነው የምንመርጥ?» አለች። በዕለቱ ያስተምር የነበረው ጓደኛችን ጠመኔውን እንደያዘ፣ «በየአምስት ዓመቱ በጠቅላላ ምርጫ ነዋ!» ብሎ መለሰላት። ልጅቷ ግን አልተቀመጠችም። «አያቴ ከምርጫ ቀርታ አታውቅም፤ ለፕሬዚዳንት ግን ድምፅ ሰጥቼ አላውቅም ነው የምትል» አለች።

ክፍሉ በሣቅ ሞላ። ከኋላ ተቀምጠን እንታዘብ የነበርነውም አብረን ሣቅን። ማታ ማደሪያችን ገብተን ነገሩን ስናነሣው ግን ከስድስታችን መልሱን በትክክል የምናውቅ ሁለት ብቻ ሆነን ተገኘን። ሣቁ ወደ እኛው ዞረ። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ የዚያች ቀን ስሕተት ማረሚያ ነው። ነገ እያንዳንዳችን በየገጠሩ ብቻችንን ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስንቆም የሚያርመን ጓደኛ አጠገባችን አይኖርምና፣ ዛሬ እዚሁ ግድግዳ ላይ ብንተራረም ይሻላል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

በመጀመሪያ አያትየዋ ልክ ናቸው። የኢትዮጵያ ሕዝብ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ ድምፅ የመረጠበት ጊዜ የለም። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ሕዝብ ድምፅ የሰጠው ለሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ነው፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደግሞ ለብሔራዊ ሸንጎ አባላት። ጳጉሜን ላይ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ፕሬዚዳንት አድርጎ የመረጠው ሸንጎው ነው። አንድ ፓርቲ ብቻ ባለበት አገር የሸንጎው ምርጫ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንትነት እውነተኛ ሥልጣን ነበረው። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ኮሎኔሉ አገር ጥለው ሲወጡ መንግሥቱም አብሮ የፈረሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ በመጣው የሽግግር ዘመን ፕሬዚዳንት ይባሉ የነበሩት አቶ መለስ ዜናዊ ናቸው። እርሳቸውንም የመረጠው የዘመኑ የተወካዮች ምክር ቤት ነው። ከዚህ በኋላ የሆነውን ግን ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በዚያው ዓመት ነሐሴ 15 ሥራ ላይ ሲውል አቶ መለስ ፕሬዚዳንት መባላቸውን ተዉና ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ፕሬዚዳንትነቱ ለዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ተሰጠ። ሥልጣኑስ? ሥልጣኑ ከስሙ ጋር አልቀረም፤ ከሰውዬው ጋር ወደ አዲሱ ወንበር ተሻገረ። ብዙዎቻችን ግራ የምንጋባው እዚህ ላይ ነው። ስሙ ያው ፕሬዚዳንት ነው፣ የስሙ ባለቤት የሚሠራው ግን ሌላ ሆኗል።

ሕገ መንግሥቱ ነገሩን አልደበቀውም። አንቀጽ 45 የመንግሥቱ ሥርዓት ፓርላሜንታዊ ነው ይላል። አንቀጽ 69 ፕሬዚዳንቱ ርእሰ ብሔር ነው ይላል፤ እዚያው ያበቃል። አመራረጡ በአንቀጽ 70 ነው፦ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዕጩ ያቀርባል፣ ከዚያ የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጡታል። ዘመኑ ስድስት ዓመት ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም። ሥራውን ለማወቅ አንቀጽ 71ን እናንብብ፦ የሁለቱን ምክር ቤቶች ዓመታዊ ስብሰባ ይከፍታል፣ ሕጎችን በነጋሪት ጋዜጣ ያውጃል፣ አምባሳደር ይሾማል፣ ኒሻን ይሸልማል፣ በሕግ መሠረት ይቅርታ ያደርጋል። አምባሳደሩንም ሆነ ከፍተኛ የጦር ማዕረጉን የሚሰጠው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲያቀርብለት ነው። ደግሞ አንቀጽ 57 አለ። ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረመበት ሕጉ ያለ ፊርማው ይጸናል። አስፈጻሚው ሥልጣን ያለው አንቀጽ 72 ውስጥ፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩና በሚኒስትሮች ምክር ቤት እጅ ነው።

አንቀጽ መጥቀስ ብቻውን ለተማሪ ደረቅ ነውና የሆነውን እናስታውስ። ዶክተር ነጋሶ በ1993 ዓ.ም. ከገዢው ፓርቲ ጋር በይፋ ተለያዩ። ፕሬዚዳንት ከፓርቲው ተጣልቶ መንግሥቱ አልተናወጠም፤ እርሳቸውም ዘመናቸውን ጨርሰው ወጡ። ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነው። የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ መልቀቂያ አቀረቡ፤ መጋቢት 24 ቀን ምክር ቤቱ ዶክተር ዐቢይ አሕመድን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጎ ሰየመ። አገሩ በሙሉ «ለውጥ መጣ» ያለበት ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት ማን ነበሩ? ዶክተር ሙላቱ ተሾመ። ለውጡ ሲመጣም እዚያው ነበሩ፣ ከመጣም በኋላ እስከ ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ቆዩ። ጥቅምት 15 ቀን ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ በዚህ ወንበር የመጀመሪያዋ ሴት ሆነው ተመረጡ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አናሳንሰውም። ነገር ግን በዚያ ቀን የመንግሥት ፖሊሲ አልተለወጠም፤ መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. አምባሳደር ታዬ አጽቀ ሥላሴ ሲተኳቸውም እንደዚሁ።

አሁን ልጅቷ በሬዲዮ ወደሰማችው አገር እንሻገር። ቦሊቪያ ለእኛ ለጎጃም ደጋ ሰዎች ሩቅ ብትሆንም እንግዳ አትመስልም። የመንግሥቷ መቀመጫ ላ ፓዝ 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ ከጮቄ ጫፍ ጥቂት ዝቅ ይላል ማለት ነው። ድንች ለዓለም የተዳረሰው ከእነርሱ ተራሮች ነው። የባሕር በርም እንደ እኛው የላትም። ሕዝቧ ግን ፕሬዚዳንት የሚባለውን ሰው የሚመርጠው ሊገዛው ነው። ሚኒስትሮችን ይሾማል፣ ይሽራል፣ ጦሩንም ያዛል። ስለዚህ እዚያ ፕሬዚዳንት ሲለወጥ መንግሥት ተለወጠ ማለት ነው።

ይህም ቢሆን በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። እስከ 1944 ዓ.ም. አብዮት ድረስ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው አይመርጥም ነበር፤ ይህም ማለት አብዛኛው ነባር ገበሬ ከምርጫ ውጭ ነበር። ከዚያም በኋላ ቢሆን ከዕጩዎቹ መካከል ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ከሌለ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው፣ እንደ እኛው፣ ምክር ቤቱ ነበር። በ1981 ዓ.ም. የሆነውን እንይ። በሚያዝያው ምርጫ ሦስቱ ቀዳሚ ዕጩዎች አንዳቸውም ከመቶ 30 አልደረሱም። ጎንሳሎ ሳንቼስ ዴ ሎሳዳ አንደኛ፣ የቀድሞው ወታደራዊ ገዢ ኡጎ ባንሰር ሁለተኛ፣ ሃይሜ ፓዝ ሳሞራ ሦስተኛ ወጡ። በምክር ቤቱ ግን ባንሰር ድምፃቸውን ለሦስተኛው ሰጡና ሐምሌ 30 ቀን ፓዝ ሳሞራ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በባንሰር አገዛዝ ታስረው የተሰደዱት ሰው እኮ ናቸው! ፖለቲካ እንዲህ ነው። ሕጉ አልተጣሰም፤ ይሁን እንጂ ሕዝቡ ሦስተኛ ያወጣው ሰው አንደኛ ሆነ።

ታኅሣሥ 9 ቀን 1998 ዓ.ም. ነገሩ ተለወጠ። የአይማራ ተወላጁና የኮካ ገበሬዎች ማኅበር መሪ ኤቮ ሞራሌስ ከመቶ 54 ያህል ድምፅ አገኙ። ምክር ቤቱን የሚያስጠይቅ ነገር አልቀረም። በወራት ውስጥ የጋዝ ሀብቱን በመንግሥት ቁጥጥር ሥር አደረጉ፤ በ2001 ዓ.ም. አዲስ ሕገ መንግሥት በሕዝብ ድምፅ ጸደቀ። ያ ሕገ መንግሥት ከምክር ቤቱ ምርጫውን ወሰደው፦ አሸናፊ በመጀመሪያው ዙር ካልተለየ ሁለቱ ቀዳሚዎች እንደገና ሕዝብ ፊት ይቀርባሉ።

ታዲያ በቀጥታ መምረጥ ሁሉን ያድናል? የለም። ሞራሌስ የሥልጣን ዘመን ገደቡ እንዲነሣላቸው በየካቲት 2008 ዓ.ም. ሕዝቡን ጠይቀው በጠባብ ልዩነት ተከለከሉ። ቢሆንም ፍርድ ቤት ፈቀደላቸውና በጥቅምት 2012 ዓ.ም. እንደገና ቀረቡ። በድምፅ ቆጠራው ላይ ክርክር ተነሣ፣ ሰልፍ ሆነ፣ የጦሩ አዛዥ እንዲለቁ ጠየቃቸው፤ በወሩ መጨረሻ ሥልጣን ለቀው ወደ ሜክሲኮ ሄዱ። ከዓመት በኋላ ፓርቲያቸው በሉዊስ አርሴ ተመልሶ አሸነፈ፤ ግን ዶላር ጠፋ፣ ለነዳጅ ረጅም ሰልፍ ሆነ፣ አርሴና ሞራሌስም ተጣሉ። ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ዙር ሃያ ዓመት ያህል የገዛው ፓርቲ ዕጩ ከመቶ 3 ያህል ብቻ አገኘ። ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በሁለተኛው ዙር ሮድሪጎ ፓዝ ሆርሄ ኪሮጋን አሸነፉ። እኚህ ሮድሪጎ ፓዝ ማን ናቸው ቢባል፣ የዚያ የሦስተኛው፣ የሃይሜ ፓዝ ሳሞራ ልጅ ናቸው። አባት በምክር ቤት ድምፅ፣ ልጅ በሕዝብ ድምፅ! በእርግጥ ልጅም ቢሆኑ በምክር ቤቱ ውስጥ ፓርቲያቸው ብቻውን አብላጫ አላገኘም፤ ሕግ ለማውጣት ሌሎቹን መለመን አለባቸው።

ከይጁቤ ልጅ ጥያቄ ጋር ይህን ሁሉ የሚያገናኘው አንድ ነገር ነው። «ማን መረጠው?» ብለን ብቻ ከጠየቅን ግማሹን ነው የጠየቅነው፤ «የተመረጠው ምን ማድረግ ይችላል?» የሚለው አብሮ መነሣት አለበት። እንግሊዝም ጠቅላይ ሚኒስትሯን ሕዝቡ በቀጥታ አይመርጥም፤ በዚህ የሚገረም የለም። በእኛ አገር የአያትየዋ ድምፅ ወደ ሥልጣን የሚደርሰው በሌላ መንገድ ነው። አያትየዋ የምርጫ ክልላቸውን ተወካይ ይመርጣሉ፤ በምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ ወይም ጣምራ መንግሥት ይመሠርታል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ይመረጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ሕገ መንግሥታችን «ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም» የሚለው ስለ ፕሬዚዳንቱ ነው፤ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እንዲህ ያለ ገደብ አላስቀመጠም። አጥሩ የታጠረው ጎተራው በሌለበት በኩል ነው ብንል ያስቆጣ ይሆን?

በሳምንቱ ወደዚያው ክፍል ገብተን ስሕተታችንን ተናገርን። ጓደኛችን በሰሌዳው ላይ ሁለት ሥዕል ሣለ፦ በአንዱ ከመራጩ ወደ ፕሬዚዳንቱ ቀጥ ያለ መስመር፣ በሌላው ከመራጩ ወደ ተወካዩ፣ ከተወካዩ አንዱ መስመር ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ ሌላው ወደ ፕሬዚዳንቱ። ልጅቷ ሥዕሉን ቆይታ አየችውና እጇን አነሣች። «ቲቸር፣ አያቴ የመረጠችው ሰውዬ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሲመርጥ አያቴን ይጠይቃታል?»

በዚህ ጊዜ ማንም አልቸኮለም። መጽሐፉን ገልጠን አንቀጽ 54ን አነበብንላቸው። የምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው፤ ተገዢነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው። መራጩ ሕዝብ አመኔታ ባጣበት ጊዜም በሕግ መሠረት ከቦታው ይወገዳል። «እንዴት ነው የሚወገድ?» አለ ከፊት የተቀመጠ ልጅ። ደወሉ ተደወለ፤ ያን ጥያቄ ለቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ይዘነው ወጣን።