በዋጃ ቤት ውስጥ ስላለው ሙቀትና ስለ ግብር ቅናሽ

በቆቦና በአላማጣ መካከል ባለው ሜዳ ላይ የምትገኘው ዋጃ ቆላ ናት። ከደጋ የወረደ እንግዳ በበጋ ቀትር ቆርቆሮ በለበሰ ቤት ቢቀመጥ፥ ፀሐይቱ ከጣሪያው ሥር የገባች ይመስለዋል። የሣር ክዳን ሙቀትን ይከለክላል፤ ቆርቆሮ ግን ኮርኒስ ካልተሠራለት የተቀበለውን ሁሉ ወደ ታች ይለቀዋል። የማሽላው እንጀራ የሚጋገርበት እሳት ሲጨመርበት ደግሞ፥ የቤቲቱ እመቤት በሁለት እሳት መካከል ትቆማለች። ስለዚህ ቤትን ማቀዝቀዝና ማገዶን መቆጠብ በዚህ አገር አንድ ጉዳይ ነው እንላለን።

ሕዝቡ ኃይል የሚቆጥብ የቤት ዕቃ እንዲገዛ አንዳንድ መንግሥታት ግብርን ይቀንሳሉ። የአሜሪካ መንግሥት በ2022 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ባወጣው ሕግ፥ በክረምት ሙቀትን ወደ ቤት የሚያስገባ፥ በበጋም ወደ ውጭ የሚያወጣ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ለሚተክል ሰው፥ ካወጣው ገንዘብ ከመቶው 30ው እስከ 2,000 ዶላር ድረስ በየዓመቱ ከገቢ ግብሩ እንዲታሰብለት አድርጎ ነበር። ይህም በ2025 በወጣ ሌላ ሕግ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቀርቷል። አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ግብር ከሌለበት ሰው ምን ይቀነስለታል? ከግብሩ የተረፈው ቅናሽ በገንዘብ አይመለስም፥ ለሚመጣውም ዓመት አይተላለፍም ነበርና። እንዲህ ያለ ደንብ በዋጃ ቢወጣ ከደመወዙ ግብር የሚቆረጥበት ሹም ይጠቀምበታል፤ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ልጆቿን የምታሳድገው እናት ግን ወሬውን ብቻ ትሰማለች።

አገራችን ስለ ኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የያዘችው መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። በዚያው በ2022፥ ፈጽሞ ሳይገጣጠም ለሚገባው የጉምሩክ ቀረጥ እንዳይከፈልበት፥ በከፊል ለተገጣጠመው ከመቶ 5፥ ተገጣጥሞ ለሚገባው ከመቶ 15 እንዲሆን ተወሰነ። ቀረጡ የሚነሣው ከዕቃው ላይ ስለ ሆነ፥ ገዢው ግብር ከፋይ ሆነም አልሆነም ቅናሹ ሊደርሰው ይችላል፤ ነጋዴው ለራሱ ካላስቀረው ማለታችን ነው! ለማራገቢያና ለኤሌክትሪክ ምጣድ ይኸው መንገድ ይሻላል።

ነገር ግን ጉምሩክ የማያየው ዕቃ አለ። «ምርት» የሚባለው ምድጃ በአገራችን ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ ሲሆን፥ ምጣዱን ዙሪያውን ከቦ ነበልባሉን ስለሚይዝ፥ በሦስት ጉልቻ ከሚፈጀው እንጨት እስከ ግማሽ ያድናል። የጉምሩክን በር አላለፈምና የቀረጥ ምሕረት አይነካውም። በእኛ አሳብ ለዚህ ምድጃ ቅናሹ ሊደረግ የሚገባው ለሠሪው ነው፤ ለገዢዪቱም ዋጋውን ከፍላ የምትከፍልበት ብድር ያስፈልጋታል። እንጨት ባነሰበት በራያ ቆላ የማሽላው አገዳ ለከብቱም ለምድጃውም ይፈለጋል፤ ከእሳት የተረፈው ለበሬው ይሆናል።

ምድጃውን የምትገዙ እመቤቶች ክፍሎቹ ሲገጠሙ ክፍተት እንዳይኖር ተመልከቱ። ነበልባሉ በዚያ ከወጣ ማገዶው ይባክናል፤ በጭቃ መምረግ ይበቃል።