«ውጭ አገር አይሠራም» የሚባለው የሰርግ ዲቪዲ

በቆቦና በአካባቢው የጥር ሰርግ አልፎ ፎቶ ቤቶች ቪዲዮውን ሲያስረክቡ አንድ ጥያቄ አይቀርም፤ ጅዳ ላለችው እህት፣ ዋሽንግተን ላለው አጎት የሚላከው ዲቪዲ እዚያ ይሠራል ወይ? «አይሠራም፤ የእነሱ ዴክ የእኛን አገር ሲዲ አይቀበልም» የሚል ሰው ሞልቷል። ይህን አምኖ ሳይልክ የሚቀርም አለ። ከራያ ቆላ ስንት ልጅ አረብ አገር ሆኖ የወንድሙ ሰርግ፣ የአባቱ ለቅሶ እንዳመለጠው ለሚያውቅ፣ ነገሩ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

ወሬው ከሜዳ አልተነሣም። ዲቪዲ እንደ ፈረንጆቹ በ1996 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲወጣ፣ የፊልም ኩባንያዎች አንድ አገር የተሸጠ ፊልም ሌላ አገር ሲኒማ ቤት ሳይገባ እንዳይታይ ዓለምን በቀጣና ከፋፈሉ። አሜሪካና ካናዳ 1 ቁጥር፣ አውሮፓ፣ ጃፓንና መካከለኛው ምሥራቅ 2 ቁጥር፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከሕንድና ከሩሲያ ጋር 5 ቁጥር ደረሳቸው። በፋብሪካ የታተመ ፊልምና ዴኩ ቁጥራቸው ካልገጠመ አይጫወትም። ፎቶ ቤት በርን የሚደረግ የሰርግ ቪዲዮ ላይ ግን ማንም ቁጥር አያስገባም፤ ለሁሉም ቀጣና ክፍት ሆኖ ይወጣል።

«ታዲያ ሳዑዲ የተላከው ሠርቶ አሜሪካ የደረሰው ለምን እምቢ አለ?» የሚለው ጥያቄ ትክክል ነው፤ መልሱም እዚያው ውስጥ አለ። ጥፋቱ የቀጣና ቁጥር ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እምቢ ማለት ነበረባቸው፤ ሳዑዲ 2፣ አሜሪካ 1፣ እኛ 5 ነንና። የሚለያቸው የምስሉ ሥርዓት ነው። የእኛ ቴሌቪዥን ፓል በሚባለው፣ በሰከንድ 25 ምስል በ576 መስመር ሲሠራ፣ አሜሪካ በኤን ቲ ኤስ ሲ፣ ወደ 30 ምስል በ480 መስመር ትሠራለች። እኛ ዘንድም ሆነ አረብ አገር የሚሸጡ ዴኮች ባብዛኛው ሁለቱንም ያጫውታሉ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ብዙዎቹ ግን የራሳቸውን ብቻ ነው የሚያውቁት፤ የእኛ ሲገባባቸው ምስሉ ይንከባለላል፣ ቀለሙ ይጠፋል፣ አለዚያም ዴኩ ጭራሹን አላነብም ይላል።

ስለዚህ ፎቶ ቤቱን «አሜሪካ ለሚሄደው በኤን ቲ ኤስ ሲ አውጣልኝ» ማለት ነው። በዚህ የወጣው ቆቦም ጅዳም ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ይታያል። በ25 ምስል የተቀረጸው ወደ 30 ሲቀየር ግን ፈጣን እንቅስቃሴ፣ በተለይ የራያ ጭፈራ ሲደራ፣ ትንሽ ቆረጥ ቆረጥ ሊል ይችላል። ጭራሽ ካለማየት ይሻላል።

ሌላው የተሳሳተ እምነት «ፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አይቼዋለሁ» የሚለው ነው። ኮምፒውተር ያገኘውን ሁሉ ያነባል። ዴክ የሚፈልገው በዲቪዲ ወግ የተሠራ፣ ቪዲዮ ቲ ኤስ የሚል ፎልደር ያለው ዲስክ ነው። ፊልሙ እንደ ተራ ፋይል ተገልብጦ ከሆነ፣ ወይም በርን ተደርጎ ሲያበቃ ዲስኩ ሳይዘጋ ከወጣ፣ የቆየ ዴክ አይቀበለውም። ይህ ደግሞ አገር አይመርጥም፤ ወልድያም ሆነ ሪያድ ያው ነው። ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት እዚያው ዴክ ላይ አስጀምረው፣ መሀሉንና መጨረሻውንም ያስከፍቱ። አንዱ ዲስክ 4.7 ጊጋ ባይት ነው፤ በደህና ጥራት ሁለት ሰዓት ያህል ይይዛል። ሰርጉንም መልሱንም አንድ ላይ የጠቀጠቀ ባለሙያ የሙሽራዋን ጥልፍ አደብዝዞ ይሰጥዎታል፤ ሁለት ዲስክ ይጠይቁ።

«ካልተጫረ ዕድሜ ልክ ይኖራል» የሚባለውም እውነት አይደለም። በፋብሪካ የታተመው መረጃው በፕላስቲኩ ላይ ተቀርጾ ይወጣል፤ በርን የሚደረገው ግን የሚጻፈው ቀለም ላይ ነው፤ ያንን ቀለም ደግሞ ፀሐይና ሙቀት ያደክሙታል። በቆቦ ቆላ መስኮት ሥር ወይም መኪና ውስጥ የሚተው ዲስክ ምንም ጭረት ሳይኖርበት ሊሞት ይችላል። ጥላ ያለበት ቦታ፣ ሽፋኑ ውስጥ ይቀመጥ፤ ወረቀትም አይለጠፍበት፤ ሲሽከረከር ሚዛኑን ያስተዋል።

ቅጂ ወደ ውጭ መላክ ለሚናፍቀው ዘመድ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ዳግም በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ቆቦ ገብቷል። እንዲህ ባለ አገር የሰርግና የሶለል በዓል ትዝታን አንድ ቁም ሣጥን ላይ ብቻ መተው ከባድ ነው፤ ጅዳ ያለው ቅጂ የቤተሰቡ መጠባበቂያ ነው።

ዛሬ ዴክ ያለው ቤት እየቀነሰ ስለሆነ፣ ከዲስኩ ጋር ፊልሙን በኤም ፒ 4 ፍላሽ ላይ ያስገልብጡ። እዚያ ላይ የቀጣና ቁጥር የሚባል ነገር የለም። ብዙ ፍላሾች የሚመጡበት ፋት 32 የሚባለው አሠራር ግን ከ4 ጊጋ ባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ረጅም ሰርግ ከሆነ ቪዲዮውን በክፍል በክፍል እንዲያወጡልዎ ይንገሯቸው።